ስለ እንሰት ስምና ስለ ጌዴኦ ገበሬ ዕውቀት

ከዲላ ከተማ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወጣው መንገድ የሚሄድ ሹም በግራና በቀኙ የሚያየው ተራራ ሁሉ ደን ይመስለዋል። ቀርቦ ቢመለከተው ግን የሰው ማሳ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከጥላው በታች እንሰት፣ በእንሰቱም መካከል ቡና በአንድ መሬት ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ይህን የጌዴኦ አገር ዩኔስኮ በ2023 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ክብሩ መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ የፈረንጅ ሊቃውንት የአገራችንን ዕፀዋት እንዴት እንደ መዘገቡ ብናስብ፣ ከእኛ የሚፈለገው ሥራ ገና እንዳልተፈጸመ ይታየናል።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1769 ዓመት በምጽዋ ገብቶ ወደ ጎንደር ዘለቀ፤ በ1790 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም እንሰትን ከነሥዕሉ ለኤውሮፓ ሰዎች አሳየ። አብሮት የመጣው ጣልያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር ሞቶ ሲቀር፣ ብሩስ የሥዕሉን ድካም ለባሉጋኒ አልቈጠረለትም። በኋላ ቬልቪች የተባለ ሌላ ሊቅ በአንጎላ አገር ላገኘው ተክል በ1859 ዓመት ስም አወጣለት፤ ተክሉም ያው እንሰት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከ1947 ዓመት ጀምሮ ሊቃውንት የሚጠሩበት ስም ፊተኛው ቃል የእኛው «እንሰት» ሲሆን፣ ሁለተኛው በላቲን «ሆደ ሰፊ» ማለት ነው። የቡናው ስም ከዚህ ይከፋል። ሊኔ በ1753 ዓመት ቡናን «የዓረብ» ብሎ ስለ ጻፈው፣ መገኛው የኢትዮጵያ ደን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ስሙ እንዲያው ቀረ።

ቪልሄልም ሺምፐር ግን ሊመሰገን ይገባዋል። በ1837 ዓመት መጥቶ፣ በ1878 ዓመት በዓድዋ እስኪሞት ድረስ ዕፀዋትን እየለቀመና እያደረቀ ወደ ኤውሮፓ ሲልክ ኖረ፤ ዛሬም የሰሜን ኢትዮጵያን ዕፀዋት የሚመረምር ሁሉ የእርሱን ስብስብ ሳያይ አያልፍም። ይሁን እንጂ በወረቀት መካከል የደረቀ ቅጠል የሚናገረው ጥቂት ነው። እንሰት ደግሞ ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ተክል ስለ ሆነ በወረቀት መካከል ለመጫን አይመችም። የትኛው ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛውስ ለቃጫ እንደሚሻል የሚያውቀው የሚተክለውና የሚፍቀው ሰው ነው።

በጌዴኦ ደጋ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የአባያን ሐይቅ ያያል። ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 ዓመት ሐይቁ ዘንድ ደርሶ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ስም ያጣለት ይመስል! ቦቴጎ በሚከተለው ዓመት በወለጋ ምድር በውጊያ ሞተ፤ ያወጣው ስም ግን በካርታ ላይ ለብዙ ዘመን ቈየ።

ይህን ማንሣቴ ሙታንን ለመውቀስ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዛሬም ማሳ እያጠፋ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1968 ዓመት ለዓለም ሊቃውንት የገለጹት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው። በሽታው በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ እስከ ዛሬም የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ነገር ግን አንዳንዱ የእንሰት ዓይነት ከሌላው ይልቅ ይቋቋመዋል፤ ይህንንም አረጋውያን ገበሬዎችና ሴቶች በስም ለይተው ያውቃሉ። በሌላ ወገን ጫትና ባሕር ዛፍ የእንሰቱን ቦታ እየወሰዱ ነው። አንዱ ዓይነት ከማሳ ሲጠፋ ስሙም አብሮ ይጠፋል፤ ከፓሪስ ወይም ከበርሊን ተፈልጎ የሚመጣ አይደለም።

እንግዲህ የዞንና የወረዳ ገዢዎች፣ ሰፊ ይዞታም ያላችሁ ሁሉ፣ በየቀበሌው የእንሰት መዝገብ ይከፈት ዘንድ እንድታዙና እንድትረዱ እንለምናለን። የግብርና ሠራተኛው ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ሆኖ፣ ከሶንጎው ሽማግሌዎችና ከሴቶች እየጠየቀ የእያንዳንዱን ዓይነት ስም በጌዴኦ ቋንቋ ይጻፍ። ጥቅሙንና በሽታን መቋቋሙንም ይጨምር፤ ቃሉን የሰጠው ሰው ቢፈቅድ የእርሱ ስም በጐኑ ይጻፍለት፤ በባሉጋኒ የደረሰው በማንም አይድረስ። ሴቶቹን መጠየቅ እንዳይረሳ፤ እንሰቱን የሚፍቁት እነርሱ ናቸውና ባል የማያውቀውን ሚስት ትናገራለች። ሠራተኛው ከማሳ ወደ ማሳ ሲያልፍ ቢላዋውን በእሳት ያንጻ፤ መዝጋቢው ራሱ በሽታውን ተሸክሞ እንዳይዞር።

አንድ ነገር አስቀድሞ በግልጥ ይነገር፦ መዝገቡ ለግብር አይደለም። ለግብር የመሰለው ገበሬ ሃያ ዓይነት እያለው ሦስት ነው ብሎ ይመልሳል፤ ማንም አይፈርድበትም። ሥራው ሲያልቅ አንዱ ግልባጭ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ይላክ፤ ዋናው ግን ከቀበሌው አይውጣ።