በሰው ስም የቆመ ሱቅ

በጅዳና በመካ ላላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጤፍና በርበሬ ለምታስመጡ፣ ቡና ለምትሸጡ፣ ሻንጣ ሞልታችሁ ለምትመላለሱ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንድትፈሩ ፈልጌ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊሌ፣ ሱቁ በስሙ የቆመው ሳዑዲው ዋሴ፣ ጥሩ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ከአፉ ክፉ ቃል አልሰማሁም። በየወሩ የተስማማነውን እሰጠዋለሁ፣ ረመዳን ሲገባ ቴምር ይልክልኛል። የሱቁ ሲጂል (የንግድ ምዝገባው) በእሱ ስም፣ የቤት ኪራዩ በእሱ ስም፣ የባንክ ሂሳቡም በእሱ ስም ነበር። የእኔ ስም ያለው በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ የተጻፈው ሥራ “ሻጭ” ይላል። በሞተ በዘጠነኛው ቀን ልጆቹ መጡ። በደንቡ ሰላም አሉኝ፣ ያፈላሁላቸውን ሻይ ጠጡ። ከዚያ ታላቁ ልጅ ወረቀት አውጥቶ ሚዛኑን፣ ፍሪጁን፣ የጤፉን ጆንያ፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን የበርበሬ ከረጢት ሳይቀር እየቆጠረ ይጽፍ ጀመር። ለካ ውርስ እየቆጠረ ነው። እኔ የዱቤ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ቆሜ አያለሁ። የት ሄጄ ልክሰስ? ፍርድ ቤት ቆሜ “ሱቁ የእኔ ነው” ብል ተሰቱር መሥራቴን፣ በባላገር ስም ተሸፍኜ መነገዴን፣ በገዛ አፌ መመስከሬ ነው። አባቶች “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ላቤ የተጻፈው በሰው መጽሐፍ ላይ ስለነበር የወረሱትም የሰው ልጆች ሆኑ።

ልጆቹን አልረግምም። በያዙት ወረቀት ንብረቱ የአባታቸው ነው።

ከዚህ የሚከፋውን ልንገራችሁ። የተሰቱር ሕግ በ2020 ሲወጣ ቅጣቱን ሁላችንም ሰምተናል፤ እስከ አምስት ዓመት እስር፣ እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ፣ ለባዕዱ ደግሞ ከአገር መባረርና ዳግም ለሥራ አለመመለስ። ነገር ግን መንግሥት ማስተካከያ ጊዜም ሰጥቶ ነበር፤ እስከ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2022 ቀርቦ አሠራሩን ያስተካከለ ሰው ካለፈው ጥፋቱ ቅጣት ይድን ነበር። ከፊሌ ራሱ “ና እናስተካክል” አለኝ። ታክሱን አሰብኩ፣ የፈቃዱን ክፍያ አሰብኩ፣ “እስካሁን ምን ሆንን?” ብዬ ተውኩት። በዓመቱ ሞተ። በሩ ክፍት ሳለ ያልገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልከለከለኝም።

አሁን የምጮኸው ሌላ በር እየተከፈተ ስለሆነ ነው። አገሮች ገበያቸውን እያያያዙ ነው፤ ይህ ለትንሽ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግለት ደግሞ እኛ የጅዳ ሰዎች ከማንም በላይ በዓይናችን አይተናል። ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በ2003 የጉምሩክ ማኅበር አቋቋሙ፣ በ2008 የጋራ ገበያ አወጁ። የኩዌቱ ባለ አንድ ሱቅ ነጋዴ እዚህ መጥቶ ሲሠራ ከአገሬው እኩል ይታያል። ከውጭ የገባ ዕቃ አንዱ ወደብ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ከተከፈለበት በኋላ ሁለተኛ ቀረጥ ሳይጠየቅበት በመኪና በአል በጥሓ ኬላ አልፎ ጅዳ እንዲደርስ ታስቦ የተሠራ ውል ነው። የአገሩ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ገደማ የሆነ ሰው ከ50 ሚሊዮን በላይ ሸማች አገኘ ማለት ነው። ትልቁ ኩባንያ ድሮም በየአገሩ ወኪልና ጠበቃ ነበረው። የአገሮች መያያዝ የሚያነሳው ያን አቅም ያጣውን ትንሹን ነው።

ግን የሚያነሳው ወረቀት ያለውን ትንሽ ነው። በጁላይ 2021 ሳዑዲ ደንቧን ቀየረች፤ በነፃ ቀጠና የተሠራ ዕቃ፣ የአገሬው ሠራተኛ ከ25 በመቶ በታች የሆነበት ፋብሪካ ዕቃም እንደ ባሕረ ሰላጤ ምርት አይቆጠርም አለች። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ መኪናው፣ መንገዱም ያው ነው። የተለየው ማስረጃው ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ ልቤ ይከብዳል። ኢትዮጵያ ከኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) መሥራቾች አንዷ ሆና ሳለ በ2000 የተጀመረው የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ሳትገባ ቀረች፤ ስለዚህ የእኛ ትውልድ ነጋዴ የስሪት አገር ማስረጃ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ አረጀ። አሁን ግን በ2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና አለ፤ አገራችን በ2019 አጽድቃዋለች። አባል አገሮች ከሚነግዱት የዕቃ ዓይነት 90 በመቶው ላይ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ይላል። የሚነሳው አፍሪካ ውስጥ ለተሠራና ለዚያም ማስረጃ ላለው ዕቃ ነው። ከባብ ሸሪፍ ገበያ ገዝተን በሻንጣ የምናስገባውን የቻይና ብርድ ልብስና ሽቶ ያ ውል አያውቀውም። የግብፁና የኬንያው ፋብሪካ ልብስ ቀረጡ እየቀለለት አዲስ አበባ ሲገባ፣ የእኛ ሻንጣ በምን ዋጋ ይሸጣል? ሦስት ልጅ በሻንጣ ያስተማረች እህቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቡናም እንዲሁ ነው። እናንተ ደንበኛ ደጁን ሳይረግጥ የሐረር ይሻለው የለቀምት፣ አቆላሉን በስሱ ይወድ አብስሎ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ሳዑዲ 2022ን የሳዑዲ ቡና ዓመት ብላ ስትሰይም በጃዛን ተራሮች ከሚለቀመው ይልቅ በየቤቱ የሚፈላው ከእኛ አገር የሚመጣው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት እስካሁን እንጀራችን ነበር። በ2024 ግን ኢትዮጵያ ለዜጎች ብቻ ተከልሎ የኖረውን የቡና፣ የቅባት እህልና የጥራጥሬ ወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተች፤ መመዘኛው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፤ ላኪም ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን እንዲያስቀር ተፈቀደለት። ሁለቱን አንድ ላይ እዩዋቸው። ትልቁ የባሕረ ሰላጤ ገዢ ከምንጩ ሄዶ ሊገዛ ይችላል። እኛም በአገራችን ፈቃድ ብንይዝ ዜጎች ነንና ያ የሚሊዮን ዶላር መመዘኛ አይመለከተንም። ፈቃድ ያለን ግን ስንት ነን? ሐዋላ የላክንበት ዘመን ሁሉ አንድ ደረሰኝ አላስቀረልንም።

ይህ ባሕር ድሮም የነጋዴ መንገድ ነው። የነቢዩ ሰሓቦች በ615 ወደ ሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሲሰደዱ ከዚህ ከጅዳ በስተደቡብ ካለችው ሹዐይባ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር እንደተሳፈሩ ይተረካል። ያን ጊዜ መርከቡ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የዛሬው አይጠብቅም።

ገንዘብ የለንም አትበሉኝ። እቁባችንን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ሰው በአፍ ቃል ብቻ በየወሩ ሲሰበስብ አንድ ቀን ተካክደን አናውቅም። ያን መተማመን ወደ ውልና ማስረጃ እንውሰደው ነው የምለው። አምስት ወይም አሥር ሆነን እዚሁ ጅዳ ቆንስላው ውክልና እንስጥ፤ አገር ቤት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይመዝገብ፣ የላኪነት ፈቃድ ይውጣ፣ ከገበሬው ዩኒየን ጋር በስማችን እንዋዋል። በሞጆና በቢሾፍቱ ቄራዎች የታረደ ሥጋ በአውሮፕላን እዚህ ይደርስ የለም እንዴ? ቡናውና ሰሊጡ በእኛ ስም የማይመጣበት ምን ምክንያት አለ? እዚህ አገርም ቢሆን አቅሙ ያለው በባለሀብትነት ተመዝግቦ ወይም በ2019 በመጣው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ መግባት ይችላል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ካጣሁት ግን አይበልጥም።

በ2013 የማባረር ዘመቻ የሹሜሲን ማቆያ ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚያ ዘመቻ ከ150,000 በላይ ወገን ከዚህ አገር ሲመለስ፣ ዕቃውን በሩብ ዋጋ ለጎረቤት ጥሎ የሄደውን፣ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለከፊሉ አስረክቦ የወጣውን በስም እናውቃለን። አንዳንዶቹ ዛሬ ኮምቦልቻና ጅማ ቁጭ ብለው ስልክ ይደውሉልኛል። እነሱን ጊዜ አጠራቸው። እኛ ጊዜ አለን፤ ስንት እንደሆነ ግን አናውቅም።

ከፊላችሁ አርጅቶ ከሆነ ዛሬ ከዒሻ በኋላ ሂዱ። ሻይ ጠጡ፣ ጤናውን ጠይቁ። ከዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ አብራችሁ እንድትሄዱ ለምኑት፤ ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ፣ ልጆቹም እየሰሙ።