ድምፃቸው የሚሰማ፣ ፊታቸው የማይታይ ሴቶች

የህንድ ፊልም አይቶ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ ማግኘት እንደሚያዳግት የታወቀ ነው። ተዋናይቷ ልጇን ታቅፋ ስታንጎራጉር ወይም ወንዝ ዳር ቆማ የናፍቆት ዜማ ስታሰማ አብራ እንባዋን ያበሰች እናት ብዙ ናት። ይሁን እንጂ በሸራው ላይ የምትታየው ተዋናይት አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ድምፁ የሌላ ሴት ነው። ያቺ ሌላዋ ሴት ዘፈኑን አስቀድማ በስቱዲዮ አስቀርጻ፣ የድካሟን ዋጋ ተቀብላ፣ ወደ ቤቷ ሄዳለች። በዛሬው ዓምዳችን ስለ እነዚህ ሴቶች፣ በተለይም ስለ ደቡብ ህንድ ድምፃውያት እናወጋችኋለን። የዓምዱ አዘጋጅ አድናቂያቸው ስለሆነች ምስጋናዋ ቢበዛ አንባቢያን እንደማይታዘቧት ታምናለች። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እንገልጻለን።

በቅድሚያ «ደቡብ» ማለት ለምን አስፈለገ? በሲኒማ ቤቶቻችን ሲታዩ የኖሩት የህንድ ፊልሞች በአመዛኙ በቦምቤይ ከተማ በሂንዲ ቋንቋ የተሠሩት ናቸው። ስለዚህም ብዙዎቻችን የህንድ ዘፈን ሁሉ አንድ ይመስለናል። በደቡብ በኩል ግን ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ማላያላምና ካነዳ የሚባሉ አራት ታላላቅ ቋንቋዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊደል፣ የራሳቸው ሥነ ጽሑፍና የራሳቸው ፊልም አላቸው። ለብዙ ዓመታት የአራቱም ፊልምና ዘፈን ማእከል በ1996 ቼናይ የሚል ስም የተሰጣት የማድራስ ከተማ ነበረች። ደቡቦቹ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። ታላላቆቻችንን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከኬረላ ነው። እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ተማሪው «ህንድኛ» እያለ ይጠራው የነበረው ቋንቋ ማላያላም ነበር።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እንመልከት። የዜማው ደራሲ ዜማውን ያዘጋጃል፤ ገጣሚው ብዙውን ጊዜ በዜማው ልክ ስንኝ ይቋጥራል። ድምፃዊቷ ዘፈኑን የምትሰማው ብዙ ጊዜ ስቱዲዮ በገባችበት ዕለት ነው። ግጥሙ አፍ ባልፈታችበት ቋንቋ ከሆነ ቃሉን በምታውቀው ፊደል ትጽፋለች፤ ትርጉሙን ትጠይቃለች፤ የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ፣ የቱ እንደሚላላ ታጠናለች። ከዚያም ማይክሮፎኑ ፊት ትቆማለች። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሙዚቀኞቹና ድምፃዊቷ በአንድነት ስለሚቀረጹ፣ በመጨረሻው ስንኝ ላይ አንድ የቫዮሊን ተጫዋች ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሡ ነበር። በኋላም ፊልሙ በሚነሣበት ቦታ ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ተዋናይቷ ከንፈሯን እያስማማች ትጫወታለች። እንግዲህ ድምፃዊቷ ገና ባልተነሣ ፊልም ውስጥ ያለችን ሴት ሐዘንና ደስታ በሐሳቧ ሥላ መዝፈን አለባት ማለት ነው።

ከነዚህ ሴቶች በዕድሜም በሥራም ቀዳሚዋ ወይዘሮ ፒ. ሱሺላ ናቸው። በ1935 በአንድራ አገር በቪዚያናጋራም ተወለዱ። አፍ የፈቱት በቴሉጉ ነው። ነገር ግን ታሚሎች የቋንቋቸውን አነባበብ ጥራት የሚያደንቁት በእርሳቸው ዘፈን ነው። የህንድ መንግሥት የፊልም ሽልማት ለሴት ድምፃውያት የተለየ ሽልማት መስጠት ሲጀምር በ1968 ለተሠራ የታሚል ፊልም ዘፈናቸው የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆኑ። በ2016 ደግሞ ጊነስ የተባለው የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ከ1960ዎቹ ወዲህ 17,695 ዘፈኖችን በስድስት የህንድ ቋንቋዎች ማስቀረጻቸውን አረጋገጠላቸው። አንዲት ሴት በዓልና እሑድ ሳትል በየቀኑ አንድ አንድ ዘፈን ብትዘፍን፣ ይህን ያህል ለማድረስ ከ48 ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

ወይዘሮ ኤስ. ጃናኪ በ1938 የተወለዱ ሲሆን የፊልም ዘፈን የጀመሩት በ1957 ነው። በደቡብ ህንድ በሠርግና በቤተ መቅደስ የሚነፋ «ናዳስዋራም» የሚባል ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አለ። ድምፁ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ሜዳ ላይ እንጂ ከዘፋኝ ጎን የሚቀመጥ አይደለም። በ1962 በወጣው «ኮንጁም ሳላንጋይ» በተባለው ፊልም ግን ወይዘሮ ጃናኪ ከታላቁ የናዳስዋራም ነፊ ከካሩኩሪቺ አሩናቻላም ጋር እየተቀባበሉ ዘፈኑ። መሣሪያው የወጣበት ሁሉ ይወጣሉ፤ የወረደበት ይወርዳሉ። የትኛው ትንፋሽ የሰው፣ የትኛው የመሣሪያው እንደሆነ ለመለየት ጆሮን ማቅናት ያስፈልጋል። እኒሁ ሴት ሲፈልጉ በሕፃን ልጅ ድምፅ ይዘፍኑ ነበር። የመንግሥቱን የፊልም ሽልማት አራት ጊዜ ሲቀበሉ ሽልማቶቹ በሦስት ቋንቋዎች፣ በታሚል፣ በማላያላምና በቴሉጉ ለተዘፈኑ ዘፈኖች የተሰጡ ናቸው።

በ2013 መንግሥት «ፓድማ ቡሻን» የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሊሰጣቸው ሲያስታውቅ ወይዘሮ ጃናኪ አልቀበልም አሉ። ምክንያታቸውም ሽልማቱ እጅግ ዘግይቶ መምጣቱና የደቡብ ከያንያን የሚገባቸውን ከበሬታ ሳያገኙ መኖራቸው ነበር። ከ55 ዓመት ሥራ በኋላ የቀረበን ክብር መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። በመሥሪያ ቤቷ ለዓመታት ደክማ፣ ምስጋናው ጡረታ መውጫዋ ሲቃረብ የደረሰላት ሠራተኛ የወይዘሮዋን ስሜት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻትም።

የወይዘሮ ቫኒ ጃይራም ታሪክ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ እኅቶቻችንን ይበልጥ ሳይነካ አይቀርም። በ1945 በቬሎር ከተማ የተወለዱት እኒህ ሴት በልጅነታቸው የሲሎን ሬዲዮን ዘፈኖች በማዳመጥ ነበር ያደጉት። ካደጉ በኋላ የህንድ ስቴት ባንክ ሠራተኛ ሆኑ። ትዳር ይዘው ወደ ቦምቤይ ሲዛወሩም በባንክ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ግን የሚስታቸውን ተሰጥኦ ተመልክተው የሰሜኑን ጥንታዊ ሙዚቃ ከታወቀ መምህር ዘንድ እንዲማሩ አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም ውሎ አድሮ ባንኩን ትተው ሙዚቃን ሙሉ ሥራቸው አደረጉ። በ1971 «ጉዲ» በተባለው የሂንዲ ፊልም ስማቸው በመላው ህንድ ታወቀ። ከዚያም ወደ ደቡብ ተመልሰው የመንግሥቱን ሽልማት ሦስት ጊዜ አገኙ። ፓድማ ቡሻን እንደሚሰጣቸው የተነገረው በጥር 2023 ሲሆን፣ ሽልማቱን በእጃቸው ሳይቀበሉ በየካቲት 4 ቀን አረፉ። የባለቤታቸው ማበረታታት ጊዜውን ጠብቆ ደርሶላቸዋል፤ የመንግሥት ክብር ግን አልደረሰላቸውም።

ወይዘሮ ኬ. ኤስ. ቺትራ በ1963 በኬረላ ተወለዱ። ድምፅና ፊት እንዴት እንደሚከፋፈሉ ለማየት «ሲንዱ ባይራቪ» ከተባለው የ1985 ፊልም የተሻለ ምሳሌ የለም። በፊልሙ ውስጥ ሲንዱ የተባለች መምህርት አንድን የታወቀ ሙዚቀኛ ሕዝቡ በማያውቀው ቋንቋ ለምን እንደሚዘፍን ትጠይቀዋለች። ከዚያም ራሷ መድረክ ወጥታ የገጠር ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ታሰማለች፤ ያው ዘፈን ቀስ በቀስ ከጥንታዊው ሙዚቃ ጋር ሲገጥም አዳራሹ በአድናቆት ይመለከታል። ሲንዱን ሆና የተጫወተችው ተዋናይት ሱሃሲኒ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ተሸለመች። ስለ ሲንዱ የዘፈኑት ወይዘሮ ቺትራም በሴት ድምፃውያት ዘርፍ ተሸለሙ። ዜማውን የደረሱት ኢላያራጃም ሽልማታቸውን ወሰዱ። አንዲት ሲንዱ፣ ሁለት ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው የድካማቸው ዋጋ! ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን ምንኛ ባማረ ነበር።

ወይዘሮ ቺትራ በ2011 የስምንት ዓመት አንዲት ልጃቸውን በድንገተኛ አደጋ አጡ። ከብዙ ዓመታት የትዳር ኑሮ በኋላ ያገኟት ልጅ ነበረች። ለተወሰነ ጊዜ ከዘፈን ርቀው ከቆዩ በኋላ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የዘፈኑትን ሐዘንም ሆነ ደስታ የሰማች እናት ያን ማሰቧ አይቀርም።

ስለ ድምፃውያቱ ስንናገር ስማቸው ከቶ በፊልም ላይ የማይጻፈውን እናቶችም ማስታወስ ይገባናል። ኢላያራጃ ከታሚል ገጠር ከወንድሞቻቸው ጋር ወደ ማድራስ ሲነሡ የመንገዱ ገንዘብ የተገኘው እናታቸው የቤቱን ሬዲዮ ሸጠው መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። በ1976 «አናኪሊ» በተባለው የመጀመሪያ ፊልማቸው የገጠሩን ዜማ ከዘመናዊ ኦርኬስትራ ጋር አዋሕደው በወይዘሮ ጃናኪ ድምፅ ሲያቀርቡት የአገሩ ሬዲዮ ሁሉ የእርሳቸውን ዘፈን ያሰማ ጀመር። የዓለም እውቅና ያገኙት ኤ. አር. ራህማን ደግሞ አባታቸው ሲሞቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው የባላቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች እያከራዩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በኋላም ልጃቸው ስቱዲዮ እንዲያቋቁሙ ጌጣጌጣቸውን ሸጡ። በ2009 ራህማን በአሜሪካ ሁለት የኦስካር ሽልማት ሲቀበሉ እናታቸው በዚያ መገኘታቸውንና ምርቃታቸው እንዳልተለያቸው ከመድረኩ ላይ ተናገሩ።

የዘፋኞች ጥያቄ ክብር ብቻ አይደለም፤ የኑሮም ጉዳይ ነው። ለረጅም ዘመን ድምፃዊቷ ለአንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ከተከፈላት በኋላ ዘፈኑ ለዓመታት ቢሸጥም ከገቢው ድርሻ አልነበራትም። በ2012 የተሻሻለው የህንድ የቅጂ መብት ሕግ ዘፋኞችም ሥራቸው ለንግድ ሲውል ድርሻ እንዲያገኙ ደንግጓል። ወጣቶቹ ድምፃውያት የዚህ ሕግ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ዘፈናቸውን ከሕጉ በፊት ያስቀረጹት አንጋፋዎቹ ግን ዕድሜያቸውን የገፉት ያለ እርሱ ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን ቁም ነገር እናገኛለን? በመጀመሪያ፣ እነዚህን ዘፈኖች ዛሬ በእጅ ስልክ ማግኘት ስለሚቻል፣ ማታ ሥራ ጋብ ሲል ከልጆቻችሁ ጋር አዳምጧቸው። ምስሉን ተዉትና ድምፁን ብቻ ስሙ። ድምፃዊቷ አንዱን ድምፅ ይዛ እንዴት እንደምታርገበግበው አስተውሉ፤ ይህ የደቡቡ ጥንታዊ ሙዚቃ ሙያ ነው። የልጅ ማባበያ ዘፈን ካገኛችሁም ቋንቋውን ባታውቁ አትጨነቁ። የታሚል እናት «አራሮ» ስትል የእኛዋ «እሹሩሩ» ከምትለው የተለየ ነገር አትልም፤ ልጁም በሁለቱም ይተኛል።

ሁለተኛ፣ ዘፈን በሰማችሁ ጊዜ የዘፋኟን ብቻ ሳይሆን ዜማውን የደረሰውን፣ ግጥሙን የጻፈውን፣ መሣሪያ የመታውን ስም የመጠየቅ ልማድ ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ይህ ለህንድ ዘፈን ብቻ ሳይሆን ለአገራችን ዘፈንም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ልብስ ስታጥብ ወይም ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉር ልጅ በቤታችሁ ካለች፣ «ዝም በይ» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት አድምጧት። ባልም ሚስቱን፣ ወንድምም እኅቱን እንዲሁ ያዳምጥ። የቫኒ ጃይራም ባለቤት ያደረጉት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ምስጋናም ለሚገባው ሰው በጊዜው፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ በስሙ ተጠርቶ ሊሰጠው ይገባል እንላለን።