የእናቴን «ሰ» የበላው ማነው?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! እናቴ በ1977 ዓ.ም. ካርቱም ለተሰደደው ወንድሜ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ልካለት ነበር። እሱም ሲመለስ ይዞት መጣ። የቤታችን ቴፕ ካረፈ ስለቆየ ወደ ፍላሽ ላስገለብጠው አንድ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ልጁ «ነገ ና» አለኝ። በነጋታው ወስጄ ብከፍተው እናቴ ጥርሷ የረገፈ መስላለች። «ሰላም» ስትል «አላም» ነው የሚሰማው!

ተመልሼ ብጠይቀው «ሽሽታውን አጽድቼልህ ነው» ብሎ ኮራብኝ። ምን ያድርግ፣ የነገረው የለም! የክሩ «ሽሽሽ» እና የ«ሰ»፣ የ«ሸ»፣ የ«ፀ» ድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱን ጨርሰህ ስትጠርግ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። የቴፑ ሄድም ተንጋዷል። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ያችኑ አራት መስመር ተካፍሏታል። ስለዚህ ሄዱ ጥቂት ካዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። አጠገቡ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ነካ ነካ አድርጎ ድምፁ ጥርት እስኪል ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ልጁ ይህን ትቶ የተረፈውን በኤምፒስሪ ጨመቀውና አረፈው። ጭራሽ «ካሴቱን ልጣለው?» አለኝ እኮ!

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሄዱን በአልኮል ይጠርጋል፤ ከኮፒ ኮፒ ሳይሆን ከዋናው ይገለብጣል፤ ሳይጨምቅ፣ ሳያጸዳ፣ በዌቭ 24 ቢት ያስቀምጣል። የአንድ ሰዓት ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ ቢይዝ ነው። ማጽዳት ያማረው በሌላ ቅጂ ላይ ያጽዳ።

«ለአንድ ካሴት ይህን ያህል?» ትሉኝ ይሆናል። በደርግ ዘመን ሬዲዮው የመንግሥት ነበር። ባለሥልጣን የተናገረውን የሚያስቀምጥለት አላጣም። የእኛ ሰርግ፣ የእኛ ሙሾ፣ የስደተኛው ደብዳቤ ግን ያለው አልጋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ነው። በየስብሰባው «ቅርስ፣ ቅርስ» እያሉ የሚደሰኩሩ ሹማምንት ለየከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ ደህና ቴፕና አንድ የሠለጠነ ሰው መመደብ እንዴት ያቅታቸዋል? የአዳራሹ መጋረጃ ዋጋ ይበቃ ነበር እኮ!

እኔስ ካሴቴን ይዤ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ብሎኗን ነካ ሲያደርጓት መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ተሰማ። ከዝናቡ መሀል እናቴ፣ «ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? ሹራብህን ልበስ እንጂ!»

ካርቱም ላይ፣ ሹራብ!