ለዐይን ያማረ ዘር

እርያ በሕገ ኦሪት ርኩስ ከተባሉት እንስሳት አንዱ በመሆኑ ስለ እርሱ በአማርኛ ጋዜጣ መጻፍ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን አንድ ተባዕት የአእላፍ ግልገሎች አባት እንዲሆን ባስቻለው በሰው ሠራሽ የማዳቀል ጥበብ ውስጥ የተሰወረው አደጋ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በዚሁ እንስሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በሆላንድ የአሳማ ትኩሳት ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ ደዌው ወደ ሁለት የዘር ማምረቻ ጣቢያዎች መግባቱ ሲታወቅ፣ ከዚያ የወጣው ዘር ሳይደርሳቸው አልቀረም የተባሉ 1,680 ያህል እርባታዎች ባንድ ጊዜ ተጠርጣሪ ሆኑ። ወረርሽኙ እስኪገታ ድረስ ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጡ አሳማዎች ሲወገዱ አብዛኞቹ በሽታው የነካቸው ሳይሆኑ፣ ከብት ማጓጓዝ በመከልከሉ በረት የጠበባቸው ነበሩ።

ቫይረስ በተባዕቱ በኩል ጉዳት የሚያደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በትኩሳት ነው፤ ቆለጥ ከቀረው ገላ ቀዝቀዝ ብሎ ካልኖረ ሥራው ይታወካልና፣ ደግሞም የዘር ፍሬ ተፈጥሮ እስኪወጣ ሰባት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ እንስሳው ድኖ መኖውን በደኅና መብላት ከጀመረ በኋላ እንኳ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ራሱ የተዛባ፣ መዋኘት ያቃተው ፍሬ ሲወጣ ይታያል። ይህስ ባለሙያው በአጉሊ መነጽር አይቶ ስለሚደፋው ጉዳቱ የባለቤቱን ኪስ አያልፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፦ ፒአርአርኤስ በሚባለው ደዌ የተያዘ ተባዕት አንዳች ምልክት ሳያሳይ፣ ዘሩም ሳይለወጥ፣ ቫይረሱን ከዘሩ ጋር ሊያወጣ ይችላል፤ በአንድ ሙከራ ላይ ከተያዘ እስከ 92 ቀን ድረስ ተገኝቶበታል።

በጣቢያው ያለው ባለሙያ ጠብታዋን በሞቀ መስታወት ላይ አኑሮ ፍሬዎቹ እንደ ማዕበል ሲተራመሱ ባየ ጊዜ መልካም ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ቀጥሎም ያንኑ ዘር በማቅጠኛ በርዞ ሃያና ከዚያ በላይ ለሚሆኑ እንስቶች ያከፋፍለዋል። በማቅጠኛው ውስጥ የሚጨመረው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም።

ባለ ጣቢያዎቹ በበኩላቸው የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ ዘሩን ለመላካቸው የሚያቀርቡት ምክንያት ከንቱ አይደለም። በቃሊቲ እንደሚዘጋጀው የኮርማ ዘር ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ቀዝቅዞ ለዓመታት የሚቀመጥ ቢሆን፣ የአባቱ ጤንነት እስኪረጋገጥ በታገሡት ነበር፤ የእርያ ዘር ግን ብርድ ስለሚጎዳው በ17 ዲግሪ ተይዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ይሁን እንጂ የፒሲአር ምርመራ ውጤት ባንድ ቀን ሊደርስ በሚችልበት በዚህ ዘመን፣ ከጥቂት ቀናት አንዷን ለጥንቃቄ መስጠት እንዴት ይከብዳል? የፒአርአርኤስ ክትባትም ቢሆን ፍጹም መተማመኛ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ አንድ የዘር ጣቢያ የገባው ቫይረስ ከሁለት የክትባት ቫይረሶች መዳቀል የተገኘ ነበርና።

ስለዚህ ዘር በተቀዳ ቁጥር ተባዕቱ ተመርምሮ ውጤቱ ሳይታወቅ ጠርሙሱ ከጣቢያው እንዳይወጣ በሕግ ሊደነገግ ይገባል እላለሁ። ወጪውንም ሻጩ ይቻል፤ ገዢው ገበሬ የታሸገውን ተቀብሎ ከማዳቀል በቀር የሚመረምርበት መሣሪያ የለውም።