ጭላሎ ሥር ጎልፍ?

አርሲ ቱሪስት የሚመጣው ጎልፍ ሜዳ ሲዘረጋ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጭላሎ ሥር መሆኑ ነው! 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ 50 ሄክታር ያህል ይውጣል፤ የአርሲ ገበሬ ሁለት ሄክታር ካለው ታድሏል። ደግሞስ እንግዳው ኳሷን መትቶ ሲያበቃ ምን ልናቀምሰው ነው?

የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአገሩን ገብስ ለቢራ ጠማቂዎች ሲያሰናዳ ኖሯል። አሰላ ሆቴል ገብቼ ቢራ ስጠጣ ግን ይህን ያነሣልኝ አስተናጋጅ የለም። ጩኮ ብጠይቅ ሣቁብኝ፤ «እሱማ የቤት ነው» ብለው ፓስታ አመጡልኝ። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ የታሸ ገብስ ከፓስታ አንሶ ነው? በየጓዳው የሚጠመቀው ፋርሶስ?

ጌቶቼ፣ የገበሬውን ማሳ በሜትር ከመለካታችሁ በፊት ጩኮውን የምግብ ዝርዝሩ ላይ ጻፉልኝ፤ ከነዋጋው።