የጭንቀት ክኒን ሁሉ አንድ አይደለም

«ልብሽ ከደነገጠ፣ እንቅልፍም ከራቀሽ ከኔ ክኒን አንዷን ውሰጂ» መባባል በጎረቤታሞች ዘንድ የተለመደ ነው። ከደግነት የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ነርሷ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ የምታበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያ ዲያዜፓምንና ሎራዜፓምን እንመልከት። ሁለቱም የአንድ ወገን መድኃኒቶች ሲሆኑ ከተዋጡ በኋላ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማረጋጋት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ የቀረበው ዲያዜፓም በሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ሎራዜፓም ግን ቶሎ ይወጣል። በመሆኑም ዲያዜፓም በአረጋውያንና በጉበት ሕሙማን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያፈዛል፣ ያንገዳግዳል፣ ለመውደቅም ያጋልጣል። ሁለቱም እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ካሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ወይም ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ነርሷ የሕመምተኛውን አተነፋፈስ የምትቆጥረው ለዚህ ነው።

ሰርትራሊንና ፍሉኦክሴቲን ደግሞ የሚታወቅ ለውጥ ለማምጣት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ሆኖም አንድ ወጣት ሲጀምራቸው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣበት ቤተሰብ በቅርብ ሊከታተለው ይገባል። ቡስፒሮንም እንዲሁ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ነገር ግን እንደ ዲያዜፓም ሱስ አያሲዝም።

ፕሮፕራኖሎል የልብ ትርታንና የእጅ መንቀጥቀጥን ያበርዳል። ለአስም ሕመምተኛ ግን የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል። የጎረቤት ክኒን አደጋው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከሁሉም የከፋው በድንገት ማቋረጥ ነው። ዲያዜፓምን ወይም ሎራዜፓምን ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ጭንቀቱ ብሶ ሊመለስበት፣ እስከ መንፈራገጥና ራስን መሳትም ሊደርስ ይችላል። መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ሊቀነስ ይገባል። ስለዚህ ረመዳን ሲቃረብ «ጾመኛ ነኝ» በማለት ክኒኑን በራስ ፈቃድ መተው አይገባም። አስቀድሞ ሐኪሙን በማማከር በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት መውሰድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ለማይችል ሕመምተኛም ሸሪዓው ፈቃድ ሰጥቶታል።

እንግዲህ መድኃኒት ስትቀበሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ይሠራል? ከምን ጋር አይወሰድም? እንዴትስ ይቆማል? የራሳችሁንም ክኒን ለሌላ አትስጡ።