የክፍሉ ሹም ማን ነው?

ከሰበታ በጅማ መንገድ፥ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ በሽተኛ በእጁ አንዲት ወረቀት ይዟል። ጤና ጣቢያው «ከዐቅማችን በላይ ነው» ሲል የጻፈለት የሪፈር ወረቀት ናት። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የወረቀቲቱ መንገድ አልተለወጠም፤ ብዙውን ጊዜ መድረሻዋ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ወረቀቲቱን በር ላይ የሚቀበላት ተረኛ ኢንተርን ነው። ከርሱ በላይ ሬዚደንቱ፥ ከሬዚደንቱ በላይ ስፔሻሊስቱ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አለ። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ነው።

ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል በልምምድ ላይ ሳለን አንዲት እናት ከሱሉልታ መጣች። ሌሊት ነበር። አልጋ ነበረ፤ ኦክስጅንም ነበረ፤ የጎደለው ኦክስጅኑን ከግድግዳው ተቀብሎ ለበሽተኛዋ የሚመጥነው መለኪያ ነው። ዕቃው ተሰብሮ ለግዢ ክፍል ከተጻፈ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሬዚደንቱ ለኃላፊው ደወለ፤ ኃላፊው «እኔ ጽፌያለሁ» አሉ። በእውነትም ጽፈዋል፤ የደብዳቤውን ግልባጭ በማግሥቱ አይተነዋል፥ ቁጥርና ማኅተም አለው። በመጨረሻ መለኪያው ከሌላ ክፍል በልመና መጣ። እናቲቱ ድናለች፤ ያዳናት ግን አስተዳደሩ ሳይሆን የአንዲት ነርስ ትውውቅ ነው።

በዚያ ሌሊት ጥፋተኛ ፈልገን አላገኘንም። ነገሩን ስንመረምረው የዲፓርትመንት ኃላፊ የሚባለው ሰው የተረኝነት ሰሌዳ ያወጣል፥ ሬዚደንቶችን ይመድባል፥ ፈተና ያዘጋጃል፥ የጧቱን ስብሰባ ይመራል። ነርሶቹ ግን የሚታዘዙት ለነርሶች ዳይሬክተር ነው፤ መድኃኒቱ በፋርማሲ፥ ጽዳቱና ጥበቃው በአስተዳደር፥ ዕቃው በግዢ ክፍል እጅ ነው። በበሽተኛው ሞት ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው። ሁለት ባላ ትከል ይላል ያገራችን ሰው፥ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ለመንጠልጠል፤ የኛ ሹም የተንጠለጠለባቸው ሁለት ባላዎች ግን እያንዳንዳቸው «ሸክሙ የዚያኛው ነው» የሚሉ ናቸው። በዚህ ላይ ሹሙ በሳምንት የሚያስተምርበት፥ በሽተኛ የሚያይበትና ቀዶ የሚያክምበት ሰዓት አይቀነስለትም። እንግዲህ ጎበዙ ሐኪም ሹመቱን ቢሸሽ ምን ያስደንቃል?

ጉዳዩ የቆየ ታሪክ አለው። የሕክምና ፋኩልቲው የተመሠረተው በ1950ዎቹ ሲሆን፥ ጥቁር አንበሳ ከጤና ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን መምህሩ የዩኒቨርሲቲ፥ አልጋው የሚኒስቴር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት የጀመረው ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ እስከ ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው። የቡራዩ ሰው የትኛው በር እንደ ተከፈተለት እንጂ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያስተዳድረው አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

መንግሥት ችግሩን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ፤ በየሆስፒታሉም ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚባል ሹመት መጣ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን የተማረው አስተዳደር ከላይ ከሥራ አስፈጻሚው ቢሮ ቆመ፤ ወደ ዋርዱ አልወረደም። የዲፓርትመንቱ ሹም ዛሬም አስተዳደርን የሚማረው ከተሾመ በኋላ በስሕተቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ፈሪዎች እንባላለን። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበቱ፥ ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩት ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከተሰናባቾቹ አንዱ ነበሩ። በደብዳቤ የሚሾምና በደብዳቤ የሚሻር ሹም ዓይኑ ወደ ደብዳቤው መምጫ እንጂ ወደ ዋርዱ አያይም ብንል ማጋነን አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ እንዲሆን ተወስኗል፤ ስለዚህ «ከላይ ታዞ ነው» የሚለው ምክንያት እየሳሳ መሄድ አለበት። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ባልደረቦቹ ለተወሰነ ዘመን ይምረጡት፤ ለአስቸኳይ ጥገናና ለትንንሽ ዕቃ የሚያወጣው ገንዘብ በፊርማው ሥር ይሁን፤ በክፍሉ ያሉ ነርሶችን ምደባ ከነርሶች ዳይሬክተር ጋር በጋራ ይወስን፤ የማስተማሪያ ሰዓቱም ይቀነስለት። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «ሐኪም የተማረው ለማከም ነው፥ ለመፈረም አይደለም» እንደሚሉን እናውቃለን። እኛም ይህን እናከብራለን፤ ነገር ግን ሐኪሙ ያልፈረመውን ሌላ ሰው ይፈርመዋል፥ ያም ሰው ሌሊቱን ዋርድ ውስጥ አይገኝም።

ስለ ሱሉልታዋ እናት አንድ ነገር ይቀራል። ስትወጣ ለላካት ጤና ጣቢያ የመልስ ወረቀት መጻፍ ነበረበት፤ አልተጻፈም። ቅጹ አልቆ ነበር፤ እንዲታተምም ተጽፏል አሉን። የዲፓርትመንት ኃላፊ የሆናችሁ ወይም የነበራችሁ መምህራን ያጎደልነው ካለ ብትጽፉልን፥ በሚመጣው እትም ይህን ገጽ ለእናንተ እንለቃለን።